ማተብ ያሰሩ ዓሦች

ገዳሪፍ፣ ከቤቴ በስተጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ልጆች ከተማሩበት ቆይቷል። ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በየክፍሉ ያለው ተፈናቃይ ነው። መስኮቱ የልብስ ማስጫ ሆኗል፤ ዴስኩም ተፈልጦ ነድዷል። እኛ የሰፈሩ ሴቶች ተራ እየገባን ምግብ እናደርሳለን። ለጽድቅ ነው ብዬ አልዋሽም። እኔ ራሴ ወደዚህ አገር ስገባ የሰው እጅ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ የበላሁትን ነው የምመልሰው። እንዲያም ሆኖ ተራዬ በደረሰ ቁጥር እነጫነጫለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ደም ግፊቱም አለ፤ ሱዳኖቹ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ሲገባ ደግሞ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ደግሞስ ከአንድ ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው፣ ካረጀ በኋላ ሌላ ጦርነት ደጁ ድረስ ሲመጣበት አይደክመውም? ይደክመዋል።

ባለፈው ክረምት ተራዬ ሲደርስ ገበያው ላይ ዓሣ በዝቶ ነበርና፣ እዚያው ግቢ ልጠብሰው ጥሬውን በሳፋ ይዤ ሄድኩ። ሳፋውን አውርጄ ቢላዬን ስፈልግ አንዲት ቶቧ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙት ልብሷ፣ የነተበ አሮጊት ከአንዱ ክፍል ወጥታ መጣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ቁጢጥ አለችና በትንሿ ጣቷ የአንዱን ዓሣ የጉንጭ ክዳን ገልጣ፣ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን አየች፤ አሸተተችው። ከዚያ ክዳኑን ቀስ አድርጋ መለሰችው፤ የሞተው ዓሣ ብርድ እንዳይገባበት የፈራች ትመስል ነበር።

እንዲህ የምታደርግ ሰው በዕድሜዬ አንዲት ብቻ ነው ያየሁት። ጉልበቴ ደኅና ቢሆን ኖሮ እንኳ ያን ጊዜ ቁጭ ማለቴ አይቀርም ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። ከአባቴ ጋር ኡም ጋርጉር፣ የስደተኛው ካምፕ ውስጥ እንኖር ነበር። እናቴ መንገድ ላይ ቀርታለች፤ እሱን ዛሬ አላነሣውም። አባቴን ሰው ሁሉ አያ ደርሶ ነው የሚለው። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ተወልዶ በደንገል ታንኳ ዓሣ እያወጣ የኖረ ሰው ነው። እዚህ መጥቶ ሰሊጥ አራሚ ሆነ። ክረምት ሲገባ ከሌላው ቀን ሠራተኛ ጋር በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ፋሽጋ ድረስ ይወርዳል፤ ሲመለስ ወገቡ አይቃናም። «ሰው ለስግደት ይጎነበሳል፤ እኔ ለሰሊጥ» ይል ነበር። ለፍልሰታ ጾም ግን ሰማይ ቢደፋ ወደ ካምፑ ይመለሳል። አሠሪው ቢቆጣ፣ ሥራው ቢቀር ግድ የለውም። እመቤታችንን ከእናቴ ሞት ወዲህ ጭራሽ አጥብቆ ያዛት።

ከካምፓችን ርቆ፣ የአትባራ ወንዝ የተገደበበት ሰፊ ሐይቅ አለ። ውሃው ከኛው ደጋ የሚወርድ ነው። ከጎንደር በኩል የሚመጣው አንገረብ፣ እዚህ ሲደርስ ሰቲት የሚባለው ተከዜም፣ ሁሉም ወደዚያ ነው የሚገቡት። ስማቸውን እየቀየሩ ይሰደዳሉ፣ እንደ ሰው። ታዲያ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ የደጋውን አፈር ጠርገው ይዘውት ይመጣሉ። ሐይቁ በደለል እንዳይሞላ ታዲያ በየዓመቱ ክረምት፣ ጎርፉ ሲበረታ፣ የግድቡ በሮች ይከፈቱና ሐይቁ ይታጠባል። ያን የሚያክል ሐይቅ እንደ ድስት ይታጠባል ብሎ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ዓይኔ ነው ያየው።

ውሃው ሲያልቅ ዓሣው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ስንጥቡ በደለል ይደፈንና አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ዕለት የአካባቢው ሰው ጆንያ፣ ዘንቢልና አሮጌ አጎበር ይዞ ይወርዳል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ከሰው ጋር ተሰልፎ ይለቅማል። ማንም ማንንም አይከለክልም፤ የሚሞት ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ሳምንታት ሁሉ አገሩ በዓሣ ሽታ ይከርማል። በየራኩባው፣ በየዳሱ ላይ የተተለተለ ዓሣ ይሰጣል፤ ሱዳኖቹም ፈሲኽ የሚሉትን፣ በጨው ታሽቶ የሚቦካውን ዓሣ በየጋኑ ያስቀምጣሉ። ፈሲኽ ከቀመሱት ጥሩ ነው። እስኪቀምሱት ነው ጣጣው።

ዶክተራ ኢህሳን የመጣችው ለዚህ ነገር ነው። ከካርቱም የመጣች የዓሣ ተመራማሪ ናት፤ ያን ጊዜ ከእኔ አሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። እሷ ግን ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ከአንድ ሳህን ካልበላን ብላ አስቸገረችኝ፤ እንደ ታላቅ እህት ሆና ቀረች። መርፌ የምትይዝ፣ ዐረብኛ የምታውቅና ውሃ የማትፈራ ልጅ ስጡኝ ብላ ካምፑን ጠየቀች። መርፌውን ካምፑ ውስጥ ስፌት ተምሬያለሁ። ዐረብኛውን የካምፕ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ውሃ አልፈራም ማለቴ ግን ውሸት ነበር። የጣና ዳር ሰው ልጅ ሆኜ እስከ ጉልበቴ ከገባሁ ነፍሴ አይቀርልኝም።

ከእሷ ጋር ግድቡ አጠገብ ካለው መንደር በሳምንት የሚበዛውን ቀን አድራለሁ። ማለዳ በጀልባ እንወጣለን። ነጭ ሳህን የመሰለ ነገር በገመድ ታስሮ ውሃ ውስጥ ይወርዳል፤ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ይነግራል። በበጋ ሳህኑ ወደ ታች ሄዶ ሄዶ እንደ ጨረቃ ደብዝዞ ይጠፋል። ክረምት ሲመጣ ገና እጅሽን ሳታረጥቢ ጠፋ። ከሁሉ የማልረሳው በማጉያ መነጽር ያሳየችኝን አንዲት የሐይቅ ውሃ ጠብታ ነው። ውስጧ ገበያ ነው፤ እግር ያለው፣ ቀንድ ያለው፣ ብርጭቆ የመሰለ። «ትንሹ ዓሣ የሚያድገው በእነዚህ ነው። ደለሉ ሲመጣ ፀሐይ አይደርሳቸውም፣ ይሞታሉ። ከእነሱ ጋር ሌላው ሁሉ ይሞታል» አለችኝ። ያን ቀን ውሃ መጠጣት ፈራሁ። ሻይ ብቻ ጠጥቼ ዋልኩ።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። በሮቹ አይከፈቱ አትልም፤ መከፈታቸው እንደማይቀር ታውቃለች። ቀስ ተብለው፣ ቀናት ወስደው ይከፈቱ ነው የምትለው። ውሃው ቀስ ብሎ ከወረደ ዓሣው ነገሩን አውቆ ወደ ላይ፣ ወደ ጠሩት የወንዙ ኩሬዎች ይሸሻል። በአንድ ጊዜ ሲከፈት ግን መሸሻ የለውም፣ ሐይቁ ሞቶ ነው የሚያድረው። ይህን ለግድቡ ሙዲር፣ ለኃላፊው ማለት ነው፣ ስታስረዳው ቆይታለች። ሙዲሩ ጨዋ ሰው ነው፣ ሻይ ያስመጣላታል፤ ከዚያ ይስቅባታል። «ያ ዶክተራ፣ በየዓመቱ እንከፍታለን፣ በየዓመቱ ዓሣ እንበላለን። ሞተ ካልሽ አሳዪን» ይላል። እሷም ላሳይህ አለች። ከመከፈቱ በፊት ብዙ ዓሣ በሕይወት ተይዞ ምልክት ይደረግበታል፣ ተመልሶ ይለቀቃል። ሐይቁ ታጥቦ እንደገና ሲሞላ፣ ጥቅምት ላይ፣ መረብ ይጣላል። ምልክት ያለው ከጠፋ ሞቷል ማለት ነው። ሙዲሩም፣ ከእሱ በላይ ያሉትም በዚህ ተስማሙ። ዓሣው ካልጠፋ ግን ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል፤ በሮቹም እንደልማዳቸው ይከፈታሉ።

ከውጭ አገር ያዘዘችው የፕላስቲክ ምልክት ወደብ ላይ ቀረ። ወደብ ላይ የማይቀር ነገር የለም። ጊዜው ሲደርስባት ወደ እኔ ዞረች። «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ክር አለሽ?» አለችኝ። ነበረኝ። «እንዳይበጠስ ጠንካራ አድርጊው» አለች። ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ክር ሦስቱን አንድ ላይ በጭኔ ላይ ገመድኩት። እጄ ሌላ አገማመድ አያውቅም፤ በልጅነቴ የተማርኩት ይኸው ነው። ከዚያ እሷ ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ትይዛለች፣ እኔ ከራሱ ከፍ ብሎ፣ የጀርባው ክንፍ ከሚጀምርበት ሥር በመርፌ አሳልፌ እቋጥራለሁ። የሚበዛው እኛ ቆረሶ፣ እነሱ ቡልጢ የምንለው ዓሣ ነበር። ስንለቀው ክሩን እያውለበለበ ይሄዳል።

«ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ አስማለችኝ። «ለአባትሽም ቢሆን። ሌላ ሐይቅ ላይ ስሠራ ሰው ሰምቶ፣ ሽልማት አለው ብሎ በየዓሣው ላይ ክር እያሰረ አመጣልኝ።» እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ምን ትሠራላችሁ ሲለኝ ዓሣ እንመዝናለን አልኩት። እሱም እውነት ነው፣ እንመዝን ነበር።

በሮቹ የተከፈቱት ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነው። ከካምፕ መውጣት ፈቃድ ይጠይቅ ነበርና፣ ዶክተራ በየመክተቡ፣ በየቢሮው ተመላልሳ ለካምፑ ሰዎች ፈቃድ አወጣችላቸው። «ለሚሞት ዓሣ ሰው ለምን ይራባል?» ብላ። ሰዎቹ በሎሪ ሲመጡ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ከተጫኑበት ይልቅ ሎሪውን የገፉበት ይበልጣል። አባቴም ከእነሱ ጋር መጣ። ጾም ነው፣ ዓሣ በአፉ አይዞርም። አድርቆ ለከርሞ ሊያስቀምጥ ነው የመጣው። እነሱ ሐይቁ ከሚጠብበት ከላይኛው ጫፍ ተሰማሩ፤ እኔና ዶክተራ ከታች፣ ግድቡ ሥር ነበርን። በአንድ ሐይቅ ላይ ሆነን ቀኑን ሙሉ አልተያየንም።

ያ ቀን በሥራዬ ሁሉ በጣም የደከመኝ ቀን ነው። ጭቃው እንደ አጥሚት ወፍሮ፣ ላዩ ላይ አፍ ብቻ ነው የሚታየው። ሺህ አፍ አየር ይለምናል፤ ድምፁም ይሰማል፣ ጧ ጧ ይላል። ዶክተራ ቶቧን በወገቧ አስራ እስከ ጭኗ ገብታ አንዱን አውጥታ የጉንጩን ክዳን ትገልጣለች። ስንጥቡ ደም መምሰል ሲገባው ቡና አተላ መስሏል። አይታ ትመልሰዋለች፣ ሌላ ታነሣለች። ከሞቱት መሃል ባለ ክር ሲገኝ አንገቷን ትደፋለች፤ ግን ይሄ ነው የምትፈልገው ማስረጃ። ማዘንም መደሰትም አልቻለችም። እኔ ደግሞ እጄ የሸተተኝ እስከ ጥምቀት ድረስ ነው።

ጥቅምት መጣ። ጎርፉ ቆመ፣ በሮቹ ተዘጉ፣ ሐይቁ ሞላ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ዳር ዳሩን ማሽላው ቀልቶ፣ አገሩ አምሮ ነበር። በጀልባ ወጥተን የመጀመሪያውን መረብ ሳብን። ክር ያለው ቆረሶ ወጣ። ሁለተኛውን ሳብን፤ አሁንም ባለ ክር። ክር የሌለው ዓሣ እንደ ልብ አልነበረም፤ ሐይቁ ባዶ ነው። የሚወጣው ግን ባለ ክር፣ ባለ ክር። ቀኑን ሁሉ ደጋገምነው። በነጋታውም እንደዚያው።

ዓሣ በመዳኑ ሰው እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም። ሙዲሩ ሰምቶ ወደ ዳር ወረደና ሳቀ። በክፋት እንኳ አይደለም። «አላልኩሽም? ዓሣ ብልጥ ነው፤ መሸሸጊያውን ያውቃል» አላት። እሷም አልተከራከረችም። ማታ ምግብ ስናቀርብ አልበላም አለች። «ተሳስቻለሁ፣ ትርንጎ» አለችኝ። «ካርቱም ሄጄ ይህንኑ እናገራለሁ። በሮቹ ዓሣውን አይጎዱም፤ እንዳላችሁ ክፈቱ እላቸዋለሁ። ውሃው ያለውን ነው የምለው፣ እኔ የምወደውን አይደለም።» ያን ያህል ዓመት የለፋችበትን ነገር በአንድ እስትንፋስ ተወችው። እኔ ብሆን ኖሮ መረቡን ቀድጄው ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ተቀብዬ ካምፕ ሄድኩ። አባቴ አንገሬቡ፣ በገመድ የተጠለፈው አልጋው ላይ ጋደም ብሏል፤ በኪስራ የሚበላ የደረቅ ዓሣ ወጥ ሠርቶ ጠበቀኝ። ነገሩ ሁሉ አብቅቷል ብዬ፣ መሐላው ወድቋል ብዬ ነገርኩት። «አባባ፣ ይገርምሃል፤ ክር ያሰርንባቸው ዓሦች ሳይሞቱ ቀሩ» አልኩት።

ጉርሻውን መለሰው። «ማን ነው ያሰረው?» አለኝ።

«እኛ። እኔ በመርፌዬ።»

በኋላ የነገረኝ እንዲህ ነው። በዚያ የመክፈቻ ቀን ከጭቃው መጀመሪያ የያዘው ቆረሶ ማተብ አስሯል። ሦስት ክር፣ ጥቁር ቀይ ቢጫ፣ ክርስትና ሲነሣ ሕፃን አንገት ላይ እንደሚታሰረው። በእመቤታችን ጾም፣ በሰው አገር፣ ከደጋው በወረደ ውሃ ውስጥ። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ከዚያ ሰዉን ጠርቶ፣ ማተብ ያለው ዓሣ የስለት ነው፣ ለእመቤታችን የተሰጠ ነው፣ እንዳትነኩት አላቸው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አልተከራከሩትም። «ነዝር ነው?» አሉ፤ በእነሱ ቋንቋ ስለት ማለት ነው። «ነዝር ነው» አላቸው። እነሱም የስለትን ነገር ያውቃሉና ባለ ክር ያገኘ ሁሉ ለአባቴ አቀበለው። ከዚያ ሁሉም ዘንቢሉን ትቶ፣ ዓሦቹን በጀሪካንና በባልዲ እያመላለሰ፣ ከጎን የሚገባ ጅረት ያጠራው ኩሬ ውስጥ ሲጨምር ዋለ። ለቤቱ ጆንያ ያልሞላ ሰው ብዙ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ኩሬው ከሐይቁ ገጠመ። ይኸው ነው።

«እኔ እኮ...» አለና ተወው። ያን ክረምት አባቴ ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው። ፋሽጋ ተመልሶ ሲያርም እንኳ ያዜም ነበር አሉ። እመቤታችን ጎርጎራ ትታን አልቀረችም፣ ወንዙን ተከትላ እዚህ ድረስ መጥታለች ብሎ ለሰው ሁሉ ነግሯል። አሁን ይሄን ሁሉ የሠራችው የገዛ ልጁ መርፌ ሆነች። ፊቱን ማየት አቃተኝና ወጡን አማሰልኩ፤ ወጡ ግን ከእሳት ከወጣ ቆይቷል።

ዶክተራ ካርቱም ሄዳ ይህን ከተናገረች፣ በአባቴ ማተብ ምክንያት ሐይቁ ለዘለዓለሙ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ብነግራት ደግሞ የዓመት ልፋቷ አፈር ይበላል፤ ካምፑም ፈቃዱን ይነጠቃል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ ብዬ ሳልጨርስ አባቴ ነጠላውን አነሣ። «ተነሽ፤ እኔው እነግራታለሁ። ሳናውቅ ያበላሸነውን አውቀን አንተወውም» አለ።

ሐይቁ ዳር ደረስን። ዶክተራ መረብ ታጥፋለች። አባቴ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ወደ ዐረብኛ እመልሳለሁ። ስጨርስ መረቡ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች። ያን ያህል ሳቅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ቆይቼ ሳያት ግን ሳቅ አልነበረም።

ዓይኗን በቶቧ ጠርጋ፣ «ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ እርስዎ አልራበዎትም ነበር?» አለችው።

«ርቦኝ ነበር» አላት አባቴ። «ግን ማተብ የታሰረለት ባለቤት አለው ማለት ነው። ባለቤት ያለውን ነገር ቢርብስ እንዴት ይበሉታል?»

«ባለቤቱ እኔ ነበርኩ።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው አደራዎን አስረክበናል፣ ልጄ» አለ።

ዶክተራ ስንጥቡን ልታይ ይመስል ፊቱን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ እጁን ያዘችና ግንባሩን ሳመችው።

ካርቱም ሄዳ እውነቱን ነገረቻቸው፤ የዘንድሮው አይቆጠርም፣ አንድ ዓመት ጨምሩልኝ አለች። ስለ ማተቡ ስትነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አሉ። ዓመቱን አልጨመሩላትም። የካምፑን ስም ግን አላነሣችም፣ ፈቃዱም አልተነካ። ዕቃዋን ልትወስድ በመጣች ጊዜ ከመኪናው መስኮት ሆና እንዲህ አለችኝ፤ «ሥራዬን በክፋት ያበላሹብኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ትርንጎ። በደግነት ያበላሸብኝ አባትሽ ብቻ ነው። በማን እንደምናደድ ጠፋኝ።» መኪናው ጭቃ ረጭቶብኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

በሮቹም ከዚያ በኋላ እንደልማዳቸው ተከፈቱ። አባቴ ግን በየፍልሰታው ወደዚያ መሄዱን አልተወም። አሁን ክር ያለው ዓሣ እንደሌለ ያውቃል። ያገኘውን ሁሉ፣ ቆረሶ ቢሆን፣ ቅርፊት የለውም ብለን የማንበላውን አምባዛ እንኳ ቢሆን፣ በባልዲው ወደ ኩሬው ያመላልሳል። «አያ ደርሶ ዓሣ ሊያጠምቅ ሄደ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ለምንድነው አባባ ስለው፣ «ማተቡን አንቺ ብታስሪውም ነፍሱን ያሰርሽው ግን አንቺ አይደለሽም» አለኝ። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ አደረገው፤ የተቀበረውም እዚያው ኡም ጋርጉር ነው። ጉልበቴን የወረስኩት ከእሱ መሆን አለበት።

እንግዲህ ያቺ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሳፋዬ አጠገብ ቁጢጥ ያለችው አሮጊት እሷ ናት። «ዶክተራ» አልኳት። አላወቀችኝም። ያኔ ዓሣ እሰፋልሽ የነበርኩት ልጅ ነኝ አልኳት። ያን ጊዜ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

ካርቱም ያለው ቤቷ ተዘርፏል። ከየሐይቁ ሰብስባ በጠርሙስ ያኖረቻቸው ዓሦች ወለሉ ላይ ፈሰው ቀሩ። ባሏ ከዚያ በፊት ሞቷል፤ ልጇ የት አገር እንደደረሰ አታውቅም። እሷም በየመንገዱ እየወረደች እየተሳፈረች እዚህ ደርሳለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ዓሣውን እየሰነጠቀች ነው፤ እጇ አሁንም አይስትም። ያን ጊዜ ነው አንጓዋ ላይ የታሰረውን ሰማያዊ ላስቲክ ያየሁት። ተፈናቃዮቹን ሲመዘግቡ ያሰሩላቸው ነው፤ ዱቄት ሲታደል በእሱ ነው የሚለዩት።

ሳየው አየችኝ። «እኔንም ምልክት አድርገውብኛል» አለች። «ጭቃው ውስጥ ነኝ። ባልዲ ይዞ የሚመጣ ሰው አጣሁ እንጂ።»

ዓሣውን ለሰዎቹ ጠብሰን፣ አቅርበን፣ ሳፋውን አጥቤ ስጨርስ «ዕቃሽን አምጪ» አልኳት። ዕቃዋ አንድ ፌስታል ነው። ጭቃውን እየተደጋገፍን ተሻገርን። ሁለት የጉልበት በሽተኞች ነን፤ ያየን ሁሉ ስቆብናል። እኔም ደክሞኛል፣ እሷም ደክሟታል። ለድካም ደግሞ መድኃኒቱ አብሮ መቀመጥ ነው እንጂ ሌላ ነገር ከዚህ ዕድሜዬ ድረስ አላገኘሁለትም። አባቴ የተኛበት አሮጌ አንገሬብ እኔ ዘንድ አለ። እሱን አነጠፍኩላት።

ጋደም ካለች በኋላ እጇን ዘረጋችልኝ። ላስቲኩ አንጓዋን ልጦታል። «መቀስ የለሽም? ቁረጪልኝ» አለች።

ሰፊ ነኝ፣ መቀስ አይጠፋኝም። አነሣሁትና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ተይው» አልኳት፤ «ባለቤት እንዳለሽ ይወቁ።»